የሚታዘብ ጨዋታ

ኑዛዜ ይቅደም። ቶሪየልን ገድለናታል።

ቶሪየል ማን ናት ለምትሉ፦ ነጭ ፍየል የምትመስል፣ ረጅም ቀሚስ የለበሰች፣ ከተራራ ላይ ወደ ጉድጓድ የወደቀ የሰው ልጅ አግኝታ እጁን ይዛ ቤቷ ያስገባች፣ ቀረፋ የገባበት ኬክ ጋግራ አልጋ ያነጠፈችለት ደግ ሴትዮ ናት። የምትኖረው አንደርቴል በሚባል የኮምፒውተር ጌም ውስጥ ነው። ልጁ ወደ አገሬ ልመለስ ሲላት፣ ውጪ የሚጠብቀውን አደጋ ስለምታውቅ በሩ ላይ ቆማ አላሳልፍም ትለዋለች። ልጁን ሆነን የምንጫወተው እኛ ነን። ያደግንበት የጌም ትምህርት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ መንገድ የዘጋብህን ምታ። መታናት። ወደቀች።

ወዲያው ጸጸት ያዘን (ኬኩን ይዘናል እኮ!)። ሴቭ ሳናደርግ ጌሙን ዘጋን። እንደገና ከፍተን ወደ ኋላ ተመለስንና በዚህኛው ዙር አንዴም እጃችንን ሳናነሳባት ምሕረት፣ ምሕረት የሚለውን እየመረጥን ቆየን። በመጨረሻ አቅፋ አሳለፈችን። ልባችን ሞልቶ በሩን ስናልፍ ፍላዊ የሚባለው ቢጫ አበባ ከመሬት ብቅ አለ። ምን ቢለን ጥሩ ነው? ያደረጋችሁትን አውቃለሁ አለን። ገድላችኋት ነበር፣ ቆጫችሁ፣ ተመልሳችሁ መጣችሁ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ፣ የክፍል ጓደኞቻችን ተኝተዋል። ብርድ ልብሳችንን ተከናንበን አንድ አበባ እየፈራን ነው። ፈራን ማለት እንኳ አይገልጸውም፤ ያፈርን ይመስለናል። አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አለው፤ ተታዘብን። መታዘብ ማለት እኮ ማየት ብቻ አይደለም። ሰውየው ያያል፣ ዝም ይላል፣ ነገሩን ግን ይይዘዋል። እስከዚያች ሌሊት ድረስ እኛ ጌምን እንጫወታለን እንጂ ጌም እኛን ይታዘባል ብለን አስበን አናውቅም።

እንግዲህ ዛሬ የምናወጋችሁ ይህቺ ትንሽ ጌም ለምን እንደዚያ ያለ ወዳጅ እንዳፈራች ነው። «የጋዜጠኝነት ምሩቅ ሆናችሁ ስለ ጌም?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ታገሱን።

አንደርቴልን የሠራው ቶቢ ፎክስ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት ነው፤ ያውም ለብቻው በሚባል ደረጃ። ታሪኩን ጻፈ፣ ፕሮግራሙን ሠራ፣ ሙዚቃውን ደረሰ። በሥዕሉ በኩል ዋናዋ አጋዡ ቴሚ ቻንግ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2013 ጌሙን ለመጨረስ 5,000 ዶላር አዋጡልኝ ብሎ ሕዝብ ፊት ቀረበ፤ 2,398 ሰዎች 51,124 ዶላር አዋጡለት። ጌሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2015 ነው። ዋጋው 10 ዶላር ነበር። ሥዕሉን ያየ ሰው በአባቶቻችን ዘመን የተሠራ ይመስለዋል፤ ጠቡ የሚካሄደው በጥቁር መደብ ላይ፣ አብዛኛው በነጭ መስመር ብቻ ተስሎ ነው። በዚህ መልኩ በሚሊዮን ተሸጠ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 የሰርከስ ሰዎች በሮማው ጳጳስ ፊት ትርኢት ሲያሳዩ የታጀቡት «ሜጋሎቫኒያ» በተባለው የዚሁ ጌም ሙዚቃ ነበር። ወሬው ሲደርሰን በሳቅ ነው የሞትነው። (ጌሙን የምታውቁ ሙዚቃው መቼ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት፣ የሚሰማው ፍጥረት ሁሉ ከታረደ በኋላ ነው።)

እኛ አገር ጌም ማለት ኳስ ነው። ጎንደር ላይ ያደጋችሁ የፕሌይስቴሽን ቤቱን ሕግ ታውቁታላችሁ፤ ሂሳብ በጨዋታ ነው፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ከኋላ የቆመው ይቀመጣል። ባለቤቱ የሚተዳደረው ቶሎ ቶሎ በሚያልቅ ነገር ነው። እንግዲህ በዚያ ቤት ማን ነው አንድ ወንበር ይዞ ሰባትና ስምንት ሰዓት ሙሉ ከአንዲት ፍየል ጋር የሚጨዋወተው? ተራ የሚጠብቁት ልጆች በጥፊ ያስነሱታል። ታሪክ ያለው፣ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚኖሩበት፣ ዛሬ አቁመው ነገ የሚቀጥሉት ጌም እኛ ጋ ሥር ያልሰደደው ሰዉ ታሪክ ስለማይወድ አይመስለንም። ሂሳቡ አልፈቀደለትም እንጂ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ያንን ቤት የምናውቀው ከበሩ ነው፤ ወንድም ልንጠራ ተልከን።

ስለዚህ አንደርቴል ወደ እኛ የመጣው በፍላሽ ነው። ቶቢ ፎክስ ይቅር ይበለን፤ አሥሩን ዶላር ከየትኛው ካርድ ቆርጠን እንላክለት?

ወደ ነገራችን። በጌሙ ውስጥ ለገደልነው ፍጥረት ሁሉ «ኤክስፒ» ይሰጠናል፤ ኤክስፒ ሲጠራቀም «ኤልቪ» ከፍ ይላል። ጌም የነካ ሰው ሁሉ ኤክስፒ ልምድ፣ ኤልቪ ደረጃ እንደሆነ ያውቃል፤ አይጠይቅምም። ገና ስንጀምር ያ ቢጫ አበባ ኤልቪ «ላቭ» ማለት ነው፣ ፍቅር ነው፣ ውሰዱ ብዙ ውሰዱ ይለናል። ሰዓታት ያልፋሉ። ወደ መጨረሻው ስንቃረብ ወርቃማ ብርሃን የሞላበት አዳራሽ ውስጥ ሳንስ የሚባል ቀልደኛ አፅም ያቆመንና ቃላቱን ይፈታቸዋል። ኤክስፒ የግድያ ነጥብ ነው። ላቭ የግፍ መጠን ነው። ከዚያ እስከዚህ ድረስ የሠራነውን አንድ በአንድ መዝኖ ይነግረናል።

ቅኔ ቤት ጎረቤቱ የነበረ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም። ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ ግፍ! ያውም ኅብሩን የተሸከምነው ራሳችን ነን፤ እያንዳንዷን ነጥብ በደስታ የሰበሰብናት እኛ ነን። በመጽሐፍ ወይም በፊልም ቢሆን ኖሮ «አይ ብልህ ደራሲ» ብለን እናልፈው ነበር። እዚህ ግን የተፈታው ቅኔ የእኛው እጅ ሥራ ነው። ሌላው ቀርቶ ፍጥረቱን ሁሉ ፈጅቶ የጨረሰ ተጫዋች፣ በኋላ ተጸጽቶ ከዜሮ ጀምሮ ማንንም ሳይነካ ቢጨርስ እንኳ የመልካሙ ፍጻሜ መጨረሻ ላይ የቀድሞ ሥራው ብቅ ይልበታል። ንስሐ የማይቀበል ጌም ነው ብለው የሚያማርሩ አሉ። እኛ ግን ለወዳጆቹ ፍቅር ዋናው ምክንያት እዚህ ጋ ያለ ይመስለናል። ሰው የሚያዝናናውን ነገር ይወዳል፣ ይረሳልም፤ የታዘበውን ነገር ግን እንዲሁ በቀላሉ ትቶት አይሄድም።

ይህ ነገር ከቶቢ ፎክስ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1994 ሺጌሳቶ ኢቶይ የሚባል ጃፓናዊ የማስታወቂያ ጸሐፊ አንድ ጌም አወጣ፤ በዓመቱ ኧርዝባውንድ ተብሎ አሜሪካ ገባ። ጀግናው ኮፍያ ያደረገ የሰፈር ልጅ ነው፣ መሣሪያው የቤዝቦል ዱላ፣ ጨዋታውን ሴቭ የሚያደርገው ለአባቱ ስልክ ደውሎ። በመጨረሻው ጠብ ጉልበት ዋጋ ያጣል፤ የሚቀረው ጸሎት ብቻ ነው፤ ልጆቹ እንዲጸለይላቸው ከሚለምኗቸው ሰዎች የመጨረሻው ጌሙን ይዞ የተቀመጠው ተጫዋች ራሱ ነው፤ በስሙ። አሜሪካ ውስጥ ያስተዋወቁት «ይሸታል» በሚል ማስታወቂያ ነበር (አልቀለድንም)፤ ብዙም አልተሸጠ። ጥቂቶቹ የገዙት ልጆች ግን እስከ ጉልምስናቸው ይዘውት ሄዱ። ተከታዩ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2006 ጃፓን ብቻ ወጥቶ ሲቀርባቸው፣ ቁጭ ብለው ራሳቸው ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው በ2008 በነጻ አደሉት። ቶቢ ፎክስም ከእነዚህ ወዳጆች መካከል ያደገ ልጅ ነው። ትንንሽና እንግዳ ነገር የሚያፈራው ወዳጅ ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም።

እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። ላፕቶፓችንን ይዘን ዛሪማ ወረድን።

ዛሪማን የማታውቁ፦ ከጎንደር ደባርቅ ትወጣላችሁ፤ ጋቢ የሚያስደርብ ደጋ ነው። ከደባርቅ ጣሊያን የቆረጠውን የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርዱ መጀመሪያ ጋቢው፣ ቀጥሎ ሹራቡ ይወልቃል። ታች ስትደርሱ ቆላ ነው፣ ላብ ነው፣ ዛሪማ ነው። አክስታችን እዚያ ትኖራለች። የሄድነው በ2015 ዓ.ም. ለገና ነው፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ሁለት ወር ገደማ ሆኖት። ልጆቿ ሦስት ናቸው፤ ያን ጊዜ ትልቋ 13፣ መሐለኛው 11፣ ትንሹ 8 ዓመታቸው ነበር። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አዲ አርቃይንና ዛሪማን ረግጦ ወደ ደባርቅና ዳባት ሲገፋ እነዚህ ልጆች ሊማሊሞን በእግራቸው የወጡ ናቸው። ስለ ጦርነት እኛ ለእነሱ የምንነግራቸው ነገር አልነበረንም።

ጌሙን ከፈትን። ልጁ ከተራራ ላይ ወደቀ። «ሊማሊሞ ነው!» አለ ትንሹ፤ በዚያው ጸደቀ። ንግግሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነውና እኛ እያነበብን በአማርኛ እንነግራቸዋለን። ጠላት ሲመጣ መምታት ይቻላል፤ ማውራት፣ ማሞገስ፣ ማሻሸትም ይቻላል። አንድ ውሻ ዘብ አለ፤ ባሻሹት ቁጥር አንገቱ ይረዝማል። ውሻው አንገቱ ከስክሪኑ እስኪያልፍ ድረስ አሻሹት፤ አክስታችን ከጓዳ «ምን ሆናችኋል?» እያለች ሦስት ጊዜ መጣች። ፓፒረስ የሚባለው የሳንስ ወንድም በየመንገዱ እንቆቅልሽ ይደረድራል። አንዱ አቃታቸው። እንግዲህ ሕጉ ሕግ ነው፤ አገር መስጠት አለባቸው። ትንሹ ዛሪማን ሊሰጠው ሲል ትልቋ አፉን ያዘችው። ደባርቅን ሰጡት።

አንዳይን የምትባል የጦር አለቃ አለች። ፍጥረታቱ ከተዘጉበት ጉድጓድ ለመውጣት አንድ የሰው ነፍስ ብቻ ስለቀራቸው፣ የልጁን ነፍስ ልትወስድ ጦር ይዛ ከአገር አገር ታሳድደዋለች። ልጁ ሮጦ ሙቀት ወዳለበት አገር ሲገባ እሷም ከነብረት ልብሷ ተከትላው ትገባና ሙቀቱ ይጥላታል። አጠገቡ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ጌሙ ምንም አይልም። ትቶ መሄድ ይቻላል። እኛ፣ ስንናዘዝ ሁሉንም እንናዘዝ፣ መጀመሪያ ስንጫወት ትተናት ሄደናል፤ ውሃውን ልብ አላልነውም።

ዛሪማ ላይ ቀትር ነበር። ቆርቆሮው ይንጣጣል።

«ውሃ! እትዬ፣ ውሃ ስጫት!» አለ መሐለኛው ገና ሳትወድቅ።

«ከተነሳች በኋላ ብታባርረንስ?» አለች ትልቋ።

«ታዲያ ተጠምታ ትሙት?»

ትልቋ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ኪቦርዱን ከእጃችን ወሰደችና ውሃውን ቀድታ አፈሰሰችላት። አንዳይን ተነሳች፣ አየቻቸው፣ ዞራ ሄደች። ስለዚህ ነገር ብዙ ማለት ይቻላል፤ አንልም።

የአማርኛ ትርጉሙ የተጀመረው በዚያ ሰሞን ነው፤ በባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር። ምን ያህል ፈተና እንዳለው ስንነግራችሁ። የምንጫወተው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ጌሙ ሆን ብሎ አይናገርም፤ ማንም ተጫዋች ራሱን እንዲያስገባበት ነው። እንግሊዝኛ ለዚህ ይመቻል። አማርኛ ግን አንድ ግሥ ሳይጨርስ ያፋጥጣችኋል፤ መጣህ ወይስ መጣሽ? (እስካሁን እዚህም ጽሑፍ ላይ «እጁን» እያልን ስንሸሽ አላያችሁም?) ልጆቹ የፈቱት በየተራ ነው። ኪቦርዱን ትልቋ ስትይዝ ልጁ «አንቺ» ይሆናል፣ ወንዶቹ ሲይዙ «አንተ»። ለደብተር ግን አይሆንም።

ቀጥሎ ቶሪየል። ልጁ ምን ብሎ ይጥራት? እንግሊዝኛ አንዲት ቃል አለችው፣ ተገላገለ። እኛ ትልቅ ሰው ሲሆን «እርስዎ» እንላለን፤ የወለደችንን ግን «አንቺ»። ልጆቹ ብዙ ከተከራከሩ በኋላ የወሰኑት የትኛውም የትርጉም መምህር የሚያጸድቅላቸው ነው፤ ኬኩ እስኪጋገር «እርስዎ»፣ ከኬኩ በኋላ «አንቺ»። በጌሙ ላይ ያልተጻፈ ነገር አማርኛው ጨመረበት። በሩ ላይ ስትቆም «አንቺ» ከሆነች በኋላ ነው፤ አስቡት እንግዲህ እኛ ምን እንደሠራን።

ፓፒረስ ደግሞ ሁልጊዜ የሚናገረው በትልልቁ ፊደል ነው፤ ወንድሙ ሳንስ በትንንሹ። ድምፃቸው ከፊደሉ ይሰማል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ሀ ሀ ነው። ስለዚህ ፓፒረስን አዋጅ ነጋሪ ልናደርገው አስበናል፤ ፓስታ ቀቅያለሁ ለማለት እንኳ ነጋሪት የሚያስጎስም። ሳንስ ቀላል ነው። ጎንደር ውስጥ ነገር በአሽሙር የሚናገር፣ ተኝቶ የሚውል፣ ሁሉን የሚያውቅ አጎት የሌለው ማን አለ?

አሁን ስለ አፍቃሪዎቹ ክፉ ነገር ካልተናገርን ማስታወቂያ ይሆንብናል። የአንደርቴል ወዳጆች አንዳንዴ መከራ ናቸው። ገና የሚጀምረውን ሰው «እሷን እንዳትነካ! በዚያ በኩል ሂድ!» እያሉ ያዋክቡታል፤ የተሳሳተውን ያዋርዱታል። ምሕረት ያስተማራቸው ጌም ለተጫዋች ምሕረት አላስተማራቸውም። ነገሩ ደግሞ ከመሠረቱ ስህተት ነው። ቶሪየልን ያልገደለ ሰው ፍላዊ የነገረንን አይሰማም። አስቀድሞ ተነግሮት ጻድቅ የሆነ ተጫዋች ግማሹን ጌም አልተጫወተውም። አንዱ የዶርም ጎረቤት ደግሞ «ሥዕሉ አስቀያሚ ነው» ብሎ በአምስት ደቂቃ ተወው። ለእሱም መልስ የለንም፤ አስቀያሚ ነው።

አገራችንስ? ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ» የሚል የስልክ ጌም ሠርቷል፤ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ናት። «ገበጣ»ንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ኩኩሉን በጣም ስቀንባታል፤ በበዓል ዋዜማ የተጫወታት ሰው ወጥ አይዋጥለትም። ግን ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ትያዛለች፣ እንደገና ትሮጣለች፤ ትናንት እንደያዝናት አታስታውስም። የጌም ሠሪ ወጣቶች የቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ባየን ቁጥር የምንሰማው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ባለ ሦስት ገጽታ ሥዕል የሚል ነው። ካሜሩኖች እ.ኤ.አ. በ2016 «ኦሪዮን»ን ያህል ትልቅ ባለታሪክ ጌም ሠርተው አውጥተዋል፤ ክብር ይገባቸዋል፤ በጀቱ ያለው ይከተላቸው። እኛ የምንለምነው ትንሹን ነው። ሊማሊሞን የሚወርድ አንድ አይሱዙ፣ ውስጡ የሰሊጥ ጆንያ፣ ተሳፋሪዎች፣ ኬላ። የሚመረጠው ማንን ማሳፈር፣ ለማን ውሃ ማቀበል። በመመለሻው ላይ ሁሉንም የሚያስታውስ አንድ ረዳት። ለዚህ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ይበቃል፤ አንድ ሰው ሦስት ዓመት ቢቀመጥበት ይወጣዋል። አንደርቴልም 32 ወር ነው የፈጀው።

ያንን ላፕቶፕ ከዛሪማ ሳናመጣው ቀረን። ልጆቹ መልካሙን ፍጻሜ ያገኙት እኛ ከሄድን በኋላ ነው፤ ትልቋ በመዝገበ ቃላት እየታገለች። በዚያው ዓመት ነሐሴ ክልላችን እንደገና ግጭት ውስጥ ገባ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋረጠ። አንደርቴል ኢንተርኔት አይፈልግም።

በመልካሙ ፍጻሜ ፍጥረታቱ ሁሉ ከጉድጓዱ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ያያሉ። ከዚያ በኋላ ጌሙን እንደገና የከፈተ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ቢጫ አበባ ነው። አሁን ሁሉም ሰላም ሆነዋል፤ ይህን ሁሉ ማጥፋት የሚችለው የቀረ አንድ ሰው ቢኖር አንተ ነህ፤ እባክህ ተዋቸው፣ ይኑሩበት ብሎ ይለምናል። እንደገና ለመጫወት ያለው መንገድ ሁሉንም ሰርዞ ከዜሮ መጀመር ነው።

ፍላሹ ከጠፋብን ቆይቷል። በቅርቡ ስልክ ደውለን፣ ለደብተሩ የፓፒረስን ንግግር መቅዳት ስላለብን ጌሙን ከመጀመሪያው አስነሱትና አንብቡልን አልን። ስልኩን ትንሹ ተቀበለን፤ ድምፁ ወፍሯል።

«አይሆንም እትዬ» አለን። «ወጥተዋል እኮ።»

ለትርጉሙ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ እንመልሳቸዋለን አልነው። እህቱን አማከረ፤ ከኋላ ሲንሾካሾኩ ይሰማናል። ተመልሶ መጣ።

«ደባርቅን ሰጥተነው የለ? ከዚያ ይበቃዋል በሉት ብላለች።»

የፓፒረስ ገጽ ባዶ ነው።